መሣሪያ የሚለው ስም የማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ቃልም እንደ ዕቃ ይሰረቃል። በወልድያም በመርሳም፣ በሀብሩም ገጠር ሁሉ የተሰረቀ አንድ ቃል አለና ባለቤቱን እንፈልግለት።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን «መሣሪያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ ብላቸው ብዙዎቹ «ገን» ብለው ጻፉ፤ ጠመንጃ ማለታቸው ነው። የገበሬ ልጆች ሳሉ ማረሻ ትዝ ያለው አልነበረም። ስሕተቱ ግን የእኛ የታላላቆቹ ነው። «እገሌ መሣሪያ ገዛ» ሲባል ማጭድ ገዛ ብሎ የሚሰማ ማን ነው? ገበሬው «የእርሻ» ብሎ መጨመር አለበት፤ ተኳሹ ምንም አይጨምርም።

«ገን» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1330 ገደማ በእንግሊዝ አገር በዊንዘር ግንብ የዕቃ መዝገብ አንድ ታላቅ የፍላጻ ማስፈንጠሪያ «እመቤት ጉኒልዳ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሰሜን አውሮፓ የሴት ስም ነው፤ የፊተኛው ክፍሉ ጦርነት፣ የኋለኛው ውጊያ ማለት ነው። የእነርሱ ቃል ከሥሩ ጦርነትን አልደበቀም። የእኛ «መሣሪያ» ግን «ሠራ» ከሚለው ግሥ የተወለደ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት ማለት ነው። ታዲያ ጠመንጃ ምን ሠራ? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ በገባ ጊዜ ሐኪም ቤት ተዘረፈ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እናት ልጇን ቀበረች። የሠራው አንድ ጎጆ እንኳ የለም።

«ስም ቢለወጥ ጥይት ይቆማል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይቆምም። ነገር ግን ከመርሳ ወደ ደሴ ስንወርድ ውጫሌን እናገኛለን። በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ የቃል ልዩነቱም በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ። ቃል ቀላል ነው የሚል ውጫሌን ይጠይቅ። በዓድዋ ጠመንጃ እንደ ረዳን አልክድም፤ ግን ጠመንጃ ጠመንጃ ይባል።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፤ ልጅህ «መሣሪያ ምንድን ነው?» ሲልህ ሞፈርና ቀንበሩን፣ የሸማኔውን መወርወሪያ፣ በእጁ የያዘውን እርሳስ አሳየው። የሚገድለውን በገዛ ስሙ ጥራው፤ የሥራን ስም ለሠራተኛ መልስ።