የሎሚዋ እንግዳ

ዛሬ የምናነበው ስለ ቢራቢሮ ነው። ስለ ቢራቢሮ ደግሞ ምን ይነበባል ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

በጓሮዬ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ቅጠሏ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል። ለካ ትል ነው! ጎረቤቴ ሽንኩርት ላይ የሚረጨው መድኃኒት አለው። እሱን ልለምን ሄድኩ። እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ።

«የሎሚ ትል ልገድልበት ነው፣ እማማ።»

«ሎሚህ አብባ የለም እንዴ? ንቦቼ እዚያ አይደል የሚውሉት! ቀፎዬን ባዶ ልታስቀርብኝ ነው?»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። አበባ ላይ የተረጨ መድኃኒት ትሉን ከንቡ አይለይም።

ተመልሼ ትሎቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ዛፏ ትልቅ ናት፤ ሰባት ትል ምንም አያደርጋት። ተውኳቸው። ችግኝ ብትሆን ግን ቅጠሏን ይጨርሱባታል። ያን ጊዜ በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቅ ዛፍ ማዛወር ነው።

ትሏ አደገችና አረንጓዴ ሆነች። ሲነኳት ከራሷ ጀርባ ቀላ ያለ ቀንድ መሰል ነገር ታወጣለች። ይሸታል። ጠላቷን የምታባርርበት ነው እንጂ ሰው አትጎዳም። እንደ አባጨጓሬም አታሳክክም።

ኋላ በቀጭን ክር ራሷን ከቅርንጫፍ አሰረች። ቅርፊት ለብሳ ዝም አለች። ልጆቼ በየጠዋቱ እየሄዱ ያዩዋት ነበር። አንድ ቀን ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ጥቁር ክንፍ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ቢራቢሮ ወጣች። ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነበር። እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ በረረች።

ቢራቢሮ ቅጠል አትበላም። የተጠቀለለ ረጅም ምላሷን ዘርግታ የአበባ ወለላ ትመጣለች። የሚገርመው፣ በእግሯም ትቀምሳለች! የሎሚ ቅጠል መሆኑን በእግሯ አውቃ ነው እንቁላሏን የምትጥለው።

ቢራቢሮ እንድትመጣላችሁ ግራዋ ሲያብብ አትቁረጡት። አደይ አበባውንም ከአጥር ሥር ተዉት። ከብት የሸናበት እርጥብ መሬት ላይ ተሰብስበው ካያችሁም አትደነቁ፤ ጨው ፍለጋ ነው። የወፍ ቆሎም ቢራቢሮ ይጠራል፤ እሱን ግን አትትከሉ። ግጦሽ ይወርራል፣ ከብት ይመርዛል።

ትላንት አንዲት ቢራቢሮ ሎሚዋን ስትዞር አየን። ትንሿ ልጄ «እንቁላል ልትጥል ነው!» ብላ እማማን ልትጠራ ሮጠች።