የመፈንቅለ መንግሥት ተጎጂ በመፈንቅለ መንግሥት ካቢኔ ውስጥ

«የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» የሚለው አባባል ስንቱን ፖለቲከኛ ገደል እንደከተተ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኘውን የፊጂን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የማሄንድራ ቻውድሪን የፖለቲካ ሕይወት ይመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻውድሪ ከህንድ ዘር የተገኙ ፊጂያዊ ናቸው። እንግሊዞች ከ1879 እስከ 1916 ድረስ ስልሳ ሺህ ያህል ህንዳውያንን በኮንትራት አምጥተው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ አሰማርተው ነበር፤ የዚያ ማኅበረሰብ የአገር ባለቤትነት ጥያቄ ዛሬም የፊጂ ፖለቲካ ቁስል ነው። በሠራተኛ ማኅበር መሪነት የታወቁት ቻውድሪ በ1987 በዶክተር ባቫድራ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ካቢኔው ግን አንድ ወር እንደቆየ፣ ሌተና ኮሎኔል ሲቲቬኒ ራቡካ የነባሩን ሕዝብ ጥቅም አስከብራለሁ ብለው በጠመንጃ ገለበጡት።

በ1999 የቻውድሪ የሠራተኛ ፓርቲ ከ71 መቀመጫዎች 37ቱን አሸንፎ፣ እሳቸውም ከህንድ ዘር የተገኙ የመጀመሪያው የፊጂ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ልክ በዓመቱ፣ ሜይ 19 ቀን 2000፣ ጆርጅ ስፔይት ከታጣቂዎች ጋር ምክር ቤቱን ወርሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለ56 ቀናት አገታቸው። በ2001 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱ እንዳልተሻረ ቢወስንም፣ እሳቸው ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም።

እስከዚህ ድረስ ቻውድሪ የተበደሉ ሰው ናቸው። በፊጂ ምድር «ሥልጣን በምርጫ እንጂ በጠመንጃ አይያዝም» ለማለት ከእሳቸው የበለጠ የሞራል ብቃት የነበረው ሰው ማን ነበር?

ታዲያ በዲሴምበር 2006 የጦር አዛዡ ፍራንክ ባይኒማራማ የተመረጠውን የጋራሴን መንግሥት ሲገለብጡ ምን አደረጉ? በጃንዋሪ 2007 የባይኒማራማ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ!

ለእሳቸው የሚከራከሩ ወገኖች የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። ባይኒማራማ ዘረኝነትንና ሙስናን አጠፋለሁ ብለዋል፤ ጋራሴም ሕገ መንግሥቱ በሚያዝዘው መሠረት የቻውድሪን ፓርቲ በካቢኔያቸው ለማካተት ለዓመታት እምቢ ብለው፣ በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረትተዋል። ይሁን እንጂ በ2006ቱ ምርጫ ማግሥት ዘጠኝ የሠራተኛ ፓርቲ አባላት በጋራሴ ካቢኔ ውስጥ ሚኒስትር ሆነው ነበር። ቻውድሪ ራሳቸው ያልገቡበት ያ ጅምር፣ እንከኑ ቢበዛም፣ ፊጂ በሕግ አብሮ መሥራትን የሞከረችበት ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ ያጨናገፈው ይህንኑ ነው።

መፈንቅለ መንግሥትን የምንቃወመው በእኛ ላይ ሲፈጸም ብቻ ከሆነ፣ የተቃወምነው መፈንቅለ መንግሥትን ሳይሆን መሸነፍን ነው። ቻውድሪ በኦገስት 2008 ከካቢኔው ሲወጡ ያንን የሞራል ብቃት ይዘውት አልወጡም። በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤት የባይኒማራማን መንግሥት ሕገ ወጥ ባለ ማግሥት ሕገ መንግሥቱ ተሻረ። በ2014 ቻውድሪ የውጭ ምንዛሪ ሕግ ጥሰዋል ተብለው ሁለት ሚሊዮን የፊጂ ዶላር ተቀጡ፤ በዚያ ዓመት ምርጫም ሳይወዳደሩ ቀሩ። በ2022 ፓርቲያቸው ምክር ቤት ለመግባት የሚያስፈልገውን አምስት በመቶ ድምፅ እንኳ ሳያገኝ ቀረ።

የታሪክ ምፀት ይሏል ይህ ነው፤ በዚያው ምርጫ ማግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት እኒያው ራቡካ ናቸው። እሳቸው በሜይ 2023 ስለ 1987ቱ ድርጊታቸው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ገልባጩ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጡት ሰው ግን በ2006ቱ መፈንቅለ መንግሥት ካቢኔ ውስጥ የነበራቸውን ወንበር ሲያስረዱ ይኖራሉ። በደል የደረሰበት ሰው ትልቁ ሀብቱ ንጹሕ እጁ ነው፤ ያንን አንዴ ካስረከበ መልሶ የሚገዛበት ገበያ የለም።