ኤሊን በመኖሪያዋ እንተዋት

አማርኛችን ኤሊን «ድንጋይ ልብሱ» ይላታል። ስሙ ያማረ ቢሆንም በአንድ ነገር ያሳስተናል፤ ልብስ ይወልቃል፣ የኤሊ ድንጋይ ግን የገዛ አጥንቷ ነው። የጎድን አጥንቶቿና አከርካሪዋ ከጀርባዋ ሽፋን ጋር ተጋጥመው አንድ አካል ሆነዋል። ስለዚህ ኤሊ ከቅርፊቷ ልትወጣ ከቶ አትችልም።

በአገራችን ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች ሁለቱን እናንሣ። አንደኛዋ በስምጥ ሸለቆና በደቡቡ ቆላ የምትኖረው፣ ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው ናት። ሁለተኛዋ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በተዘረጋው ደረቅ ምድር የምትገኘው፣ በጭኗ ላይ እሾህ መሰል ጉጦች ያሏት ትልቋ ኤሊ ናት። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም በትልቅነት ሦስተኛ ስትሆን፣ ክብደቷ እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል።

ሰው ሲዘገይ «ኤሊ» እያልን እንዘልፈዋለን። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ዝግታዋ ቁጠባ ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይና ከአካባቢዋ እንጂ እንደ እኛ ምግብ በማቃጠል አይደለም። በመሆኑም የሚያስፈልጋት ጉልበት በክብደት እኩያዋ ከሆነ አጥቢ እንስሳ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሐሩሩ ሲበረታ ትልቋ ኤሊ በርካታ ሜትር የሚረዝም ጉድጓድ ቆፍራ ትገባለች። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ አፈር በጠለቀ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ፣ አንድ ሜትር ያህል ከተወረደ በኋላ ልዩነቱ አይታወቅም ማለት ይቻላል። እኛ በሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን የሙቀት መተላለፍ ሕግ እርሷ በጥፍሯ ትጠቀምበታለች።

ይህ የቁጠባ ኑሮ ደካማ ጎን አለው። ትልቋ ኤሊ እንቁላል ለመጣል እስክትበቃ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። አንዲት ያደገች ኤሊ ከዱር ስትወሰድ ተተኪዋ በቶሎ አይገኝም። በጋላፓጎስ የምትገኘው የፒንታ ደሴት ለዚህ ምስክር ናት። መርከበኞች ኤሊዎቿን ለስንቅ እየጫኑ ወሰዱ፤ በኋላም ሰዎች ያስገቧቸው ፍየሎች ዕፅዋቱን ጨረሱ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተገኘው «ብቸኛው ጆርጅ» የተባለው የመጨረሻው የፒንታ ኤሊ በ2012 ሲሞት ዘሩ አብሮት አከተመ።

በጉዞ ላይ ያገኙትን ኤሊ ወደ ከተማ ወስዶ በግቢ ማኖር ለአንዳንዶች ደግነት ይመስላቸዋል። እኛ ግን አይደለም እንላለን። ሙቀቷን ከውጭ የምትቀበል የቆላ ኤሊ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ስትመጣ፣ ምድጃዋን ትታ እንደመጣች ይቆጠራል። የክረምቱ ብርድና ዝናብ ሲጨመርበት መፍዘዟና መታመሟ አያስደንቅም።

ውድ ተማሪዎች፣ ኤሊ በመንገድ ላይ ብታገኙ በምትሄድበት አቅጣጫ አሻግራችሁ ልቀቋት። ቦታውን፣ ቀኑንና የአየሩን ሙቀት መዝግቡ። ለሳይንስ የሚጠቅመው በግቢያችን ከምትታሰረው ኤሊ ይልቅ በማስታወሻችን የሚሰፍረው መረጃ ነው።