ከፊት ከፊቴ የሚነዳው ልጅ

«መኪናዋን ሸጥካት እንዴ?»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ከግቢ ስወጣ የዕድራችን ዳኛ የጠየቁኝ ነው። አልሸጥኳትም አልኳቸው፤ እንዳላመኑኝ ከዓይናቸው ገባኝ። በሳምንቱ ባለቤታቸው ባለቤቴን ቡና ላይ «ሥራ ቦታ ምነው፣ ደህና ነው?» ብለው በዘዴ ነካክተዋታል። 46 ዓመት የሞላው፣ ቦርጭ ያወጣ አባወራ በማለዳ ብስክሌት ላይ ከታየ በእኛ ሰፈር ትርጉሙ ሁለት ነው፤ ወይ ከስሯል፣ ወይ ለይቶለታል።

እኔ ግን ለባቱ እየተዘጋጀሁ ነው። ከሳሪስ ተነሥቼ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፌ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ እታጠፋለሁ፤ ከዚያ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ። ከአዲስ አበባ መሃል ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከእኔ በር ሲነሡ ጥቂት ያንሳል፤ ያቺን ጥቂት ግን ለማንም አላወራም። ቀኑ የኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ነው። የመረጥኩት እኔ ሳልሆን ወራቱ ናቸው፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እስኪደርቅ መስከረም ያልቃል፣ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ሳይቀምስ 160 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ካለ እሱ ባሕታዊ ነው፤ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት እዚያ እንደ ጫማ ነው፤ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ሁሉ በዘንባባው ሥር ሲነዳ ይውላል። እኛ ልጆቹ የራሳችን ስላልነበረን በዙር እንከራይ ነበር። ፊኒክስ የምትባለው ብስክሌት ከቁመታችን ስለምትበልጥ አንድ እግራችንን በብረቱ መሃል አሾልከን፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ተጣምመን ነበር የምንነዳት። በ15 ዓመቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በኪራይ ብስክሌት ጢስ ዓባይ ደርሰን ተመለስን። ያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች ነበር፤ መሄጃው 30፣ መመለሻው 30 ኪሎ ሜትር። ያለ ሄልሜት፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ስንቅ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው ልጆቼን ጠይቋቸው፤ ከአፌ ነጥቀው ይጨርሱታል።

ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ መኪና እያለ ብስክሌቱ ቀረ። ከ25 ዓመት በኋላ ያገለገለ ገዝቼ፣ ያለፈው ፍልሰታ እንደተፈታ እሑድ ማለዳ ወጣሁ። ዕቅዴ ዱከም ደርሶ መመለስ ነበር፤ ለጢስ ዓባይ ጀግና ምን አላት?

ስሄድ በረርኩ። ከቃሊቲ ወዲያ መንገዱ ቀስ እያለ ወደ ታች ስለሚል፣ ያ ፍጥነት ሁሉ የጉልበቴ መስሎኝ ነበር። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ፣ አጎንብሼ፣ ከአንድ ባጃጅ ጋር እየተፎካከርኩ ዱከም ገባሁ። አንድ ማኪያቶ ጠጣሁና ፊቴን ወደ ቤት አዞርኩ። ያኔ ነው ስሄድ መሬቱ ራሱ ወደ ታች ሲያወርደኝ እንደነበር የገባኝ። አቃቂ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለ። ወርጄ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጀበናና የሻይ ማንቆርቆሪያ ደርድራ የምትሸጥ ሴት አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። አልበላሁም። አራት ማንኪያ ስኳር የጨመረችበት ሻይና አንድ ዳቦ ሰጠችኝ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነፍሴ ተመለሰች። በሽታው ረኀብ ነበር። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ሲሟጠጥ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ቤንዚን እንደጨረሰች መኪና ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን ቆሟል።

በዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ጀማሪ እንደማያውቅ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። እንደ እኔ ያለው ተመላሽ ግን አውቃለሁ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግማሹ እውነቱን ነው። ሚዛን መጠበቁን፣ መታጠፉን፣ ፍሬን አያያዙን ጭንቅላት ለ25 ዓመት እንዳለ አስቀምጦለታል። ልብና ሳንባ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው፣ ከ30 ዓመቱ ወዲህ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየዐሥር ዓመቱ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ደግሞ በሰውነቴ 46፣ በሐሳቤ 15 ነበርኩ። ያ ልጅ ከፊት ከፊቴ ይነዳል፣ እኔ እከተለዋለሁ፤ ገደል የሚከተኝም እሱ ነው።

ሌላም ተንኮል አለ። ልብና ሳንባ ልምምድ ሲጀመር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻሻላሉ። ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውየው ልክ «አሁንስ በረታሁ» ባለ ሰሞን ጉልበቱ ያሳብቅበታል። የእኔ ቀኝ ጉልበት በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት አሳበቀ።

ይዤው የሄድኩት ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ነው። ወጣት ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ ግማሽ ጣልያንኛ ነው የሚያወራው፤ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ራጂ። ሰንሰለቱን ካቴና ሲለው ሁልጊዜ ፖሊስ ትዝ ይለኛል፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ከዚያው ከጣልያን የመጣ። ብስክሌቴን ዞር ብሎ አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ኮርቻ የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

«እንዴት?»

«ዝቅ ብሏላ። ልጆች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት፣ መሬት እንዲነኩ። ይውጡ እስቲ።»

ግድግዳ አስደግፎኝ ወጣሁ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዜን አስቀምጬበት እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ አደረገልኝ። እንዲህ ከሆነ፣ የእግሬን ፊተኛ ክፍል ይዤ ስነዳ ጉልበቴ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ከዚያ ስለ ማርሹ ጠየቀኝ። ከባዱን እንደምወድ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ማርሽ የተሠራው እኮ እንዲቀየር ነው» አለ፣ ዘይት የነካውን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። አሁን እግሬ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ እንዲዞር ቀላሉን ማርሽ እመርጣለሁ። ሲያዩት ያስቃል፤ እግር ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ይንፏቀቃል። ጉልበቴ ግን ዝም ብሏል።

እሑድ ረጅሙን እነዳለሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ጀምሬ በየሳምንቱ ከአንድ ዐሥረኛ በላይ አልጨምርም፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ አድርጌ ሰውነቴን አሳርፋለሁ። ባለፈው እሑድ ቢሾፍቱ ደርሼ ተመለስኩ፤ 80 ሞላ። ከጉዞው በፊት 100 ግድም ከነካሁ ይበቃኛል፤ የቀረውን ቀኑ ራሱ ይጨምራል፤ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ዕረፍት ነው። በሳምንቱ መሃል ማክሰኞና ሐሙስ ለሦስት ሩብ ሰዓት እወጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ ለምን እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

የፍጥነቱ ልክ ብዙ አስቸግሮኝ ነበር። መጽሐፉ ሁሉ «ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ንዳ» ይላል፤ እኔ ግን ብቻዬን ነው የምነዳው፣ ከማን ጋር ላውራ? መፍትሔውን ያገኘሁት አንድ ማለዳ ጸሎት ሳላደርስ ወጥቼ ነው። መንገድ ላይ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ፤ ቃሉ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ቀነስኩ፣ ደግሜ ጀመርኩ። አሁን መለኪያዬ እሱ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላለከልክ ከደረሰልኝ ፍጥነቴ ልክ ነው። እናቴ ብትሰማ በየትኛው እንደምትቆጣ አላውቅም፤ ጸሎቱን መለኪያ ማድረጌ ወይስ ሳልጸልይ መውጣቴ።

ምግቡ ላይ ግን አገሬ አኮራችኝ። ረጅም የሚነዳ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ፈረንጆቹ ለዚህ በትናንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ማርመላታ ነገር ይመጥጣሉ፣ ዋጋውም የበግ ነው። እኔ በሶ አለኝ። ያ ፊደል ስንቆጥር አበበ የበላው በሶ! የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ትንሽ ማር፣ ትንሽ ጨው፤ በእጅ ጨብጦ እንደ እንቁላል ማድቦልቦል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ጀርባ ኪስ ውስጥ መክተት። አንዷ ጭብጦ ግማሽ ሰዓት ታስኬዳለች። የሲራራ ነጋዴውና ዘማቹ በዚህ ስንት አገር ዘልቀዋል። ዋናው ነገር ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት ነው፤ ሰዓቴ በየ20 ደቂቃው ትጮኻለች፣ ፈለግሁም አልፈለግሁ እጎርሳለሁ። የአቃቂዋን ሴት ግን አልተውኳትም። በዚያ ሳልፍ አሁንም ሻይዋን እጠጣለሁ፤ ስኳሩን ሁለት አድርጋዋለች።

«ባቱ እኮ ቁልቁለት ነው!» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ባቱ 1,640 ገደማ። ይህን 700 ሜትር በ160 ኪሎ ሜትር ላይ ብትዘረጉት ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ግማሽ ሜትር እንኳ አይደርስም። ያንንም የሚበላ ነፋስ አለ፤ በበጋ ረፈድ ሲል ከምሥራቅ እየተነሣ እስከ ሞጆ ድረስ ፊት ለፊት ይገፋል። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ መብራት አብርቼ ነው የምወጣው። ሲኖትራኩና አይሱዙው ሳይበዛ ዱከምን ካለፍኩ ደህና ነኝ። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት የተከለከለ ስለሆነ አሮጌው መንገድ ነው የእኔ። ከተማችን በአዲሶቹ ኮሪደሮች የብስክሌት መስመር ማስመሯን አመሰግናለሁ፤ ሠርገኛ ፎቶ የማይነሣበትን ሰዓት ካገኘሁ እነዳበታለሁ።

ስለ ብስክሌት ያለን ንቀት ግን ይገርመኛል። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው ኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ሮምን ሳያስደምም ገና፣ እነ ገረመው ደንቦባ እዚያ 188 ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህን ሁሉ ለዕድራችን ዳኛ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙና፣ «እነሱስ ይከፈላቸዋል» አሉኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለች። ስለ ባቱ ነገርኳት፤ አባብዬም ይሁን ፎክሬ፣ «እትዬ፣ ጢስ ዓባይ ደርሶ የተመለሰ ለባቱ አያንስም» አልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፤ እንደ ልጅነቷ፣ ትንፋሿ እስኪቋረጥ።

«የምን መመለስ? አንተ ልጅ፣ ረሳኸው እንዴ?»

«ምኑን?»

«ከኃይል ማመንጫው የሚመለስ የሠራተኛ መኪና አይደል እንዴ ጭኖ ያመጣችሁ? ፊኒክሷ ከላይ ታስራ፣ አንተ ተኝተህ። አባባ ነው ከኋላ ያወረደህ፣ አፍህ እንደተከፈተ። ጓደኛህማ ሲያለቅስ ነበር።»

ብዙ ተከራከርኳት። ያን ዳገት፣ ያን አቧራ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጣናን ከሩቅ ማየቴን ጠቀስኩላት። «እሱን ከመኪናው ላይ አይተኸው ይሆናል» አለችና ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ያሳደድኩት ልጅ ጢስ ዓባይ ላይ ቁጭ ብሎ መኪና ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ነው። ጉልበቴን ያሳመመኝ፣ ዱከም ላይ በባዶ ሆድ ያስፎከረኝ እሱ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ባለፈው እሑድ ከቢሾፍቱ ስመለስ ግን፣ አንድ ጎረምሳ በከባድ ማርሽ እየተንገታገተ አለፈኝ፤ ልከተለው አላማረኝም። ሰዓቴ ጮኸች፣ በሶዬን ጎረስኩ።

ለልጆቼ ገና አልነገርኳቸውም። ከባቱ ስመለስ ግን እኔ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ብስክሌቷ ጣሪያው ላይ እንደምንሆን አስቀድሜ አሳውቄአቸዋለሁ። ረዳቱን አነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ ለሷም የአንድ ሰው ሒሳብ ጠይቆኛል።