የባሮ ዓሣና የቤታችን ሽቦ

በባሮ ወንዝ ላይ መረብ የሚጥል ሰው አንዱን ዓሣ ከሌላው ለይቶ ያከብረዋል። ቅርፊት የለውም፤ ወፍራምና ባለ ጢም ነው፤ በባዶ እጅም አይነካም። ይኸውም የኤሌክትሪክ አምባዛ ነው። ዐረቦች ራዓድ፥ ማለትም ነጎድጓድ ይሉታል። እኛ ተማሪዎች የኤሌክትሪክን ሕግ በእንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ከመሸምደዳችን አስቀድሞ፥ በዚህ ወንዝ ዳር የኖረ ሕዝብ የኤሌክትሪክን ጠባይ በክንዱ ያውቀው ነበር።

የድሮ ጽሑፍም ይህን የመሰለ ነገር ይነግረናል። የአገራችንን ነገር ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ የአገሩ ሰዎች የሚያደነዝዘውን ዓሣ ለንዳድ መድኃኒት እንደሚያደርጉት ጽፏል። በሽተኛውን በገበታ ላይ ጠፍረው ያስሩና ዓሣውን በመገጣጠሚያው ላይ ያኖሩበታል፤ ሥቃዩ ብርቱ ቢሆንም ንዳዱ አይመለስም ይላል። አይመለስም የሚለውን እኔ አልቀበልም፤ የወባ ተሐዋሲ በንዝረት አይሞትምና። ነገር ግን ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በሮማውያን ዘመን ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ የተባለ ሐኪም የባሕሩን ነዛሪ ዓሣ ለራስ ምታትና ለሪህ ያዝዝ ነበር፤ ቮልታም በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሲሠራ የነዛሪ ዓሣን አካል በምሳሌነት ተመልክቶ ነው። ዛሬ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈው፥ የደከመ ልብ የሚቀሰቅሰውና ምቱ የተዛባበትን ልብ በአንድ ምት የሚያስተካክለው የሐኪም ቤት መሣሪያ ሁሉ ሰውነታችን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን የተረዳ ጥበብ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የአምባዛው ኃይል እስከ 350 ቮልት ይደርሳል፤ የቤታችን ሽቦ 220 ነው። ታዲያ ዓሣው አስደንግጦ ሲለቅ ሽቦው ስለ ምን ይገድላል? በክፍል ውስጥ ይህን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልስ ይሆን? የዓሣው አንድ ምት የሚቆየው የሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ሺኛ ብቻ ነው፤ ኃይሉም በውሃው ውስጥ ይበተናል። የቤቱ ኤሌክትሪክ ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ፥ የሚያቋርጠው እስኪያገኝ ድረስ አይተውም። የሚገድለውም ቮልት በስሙ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ያለፈው መጠንና የቆየበት ጊዜ ነው። 1 ሚሊ አምፔር ቢያልፍ ጣትን ይቆነጥጣል። ወደ 10 ሲጠጋ ጡንቻ ይኮማተርና እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። ሕዝባችን «ኤሌክትሪክ ያዘው» የሚለው ቃል ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይልቅ የቀና ነው፤ ሰውየውን የያዘው ግን የገዛ ጡንቻው ነው። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር በደረት በኩል ለአንድ ሴኮንድ ያህል ቢያልፍ ልብ መርገብገብ ይጀምርና ደም መርጨቱን ሊተው ይችላል።

ደረቅ ቆዳ በብዙ ሺህ ኦም ይከላከላል። በላብ ርሶ፥ ባዶ እግሩን በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን 1000 ኦም ያህል ብቻ ይቀረዋል። 220ን ለ1000 አካፍሉት፤ 220 ሚሊ አምፔር ነው። ጋምቤላ ደግሞ በበጋ ላብ፥ በክረምት ጭቃ ነው። ደጋ ላይ «ነዘረኝ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር እዚህ ሬሳ ሊያስወጣ ይችላል።

እስቲ ወጥ ቤቱን እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ መሬት ሽቦ፥ ባለሙያዎች ኧርዝ ከሚሉት ውጭ፥ ይቀጠላል፤ እናቶቻችን በእርጥብ እጃቸው አክንባሎውን እያነሡ «ይነዝራል» ይላሉ፥ ነገሩም እንደ ምጣዱ ዐመል ተቆጥሮ ይቀራል። ከጎረቤት የተሳበ ሽቦ በፌስታል ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው መብራት በጠፋ ጊዜ የሚደረገው ጥገና ነው፤ ሰውየው «የለም» ብሎ ብሬከሩን ሳያወርድ ሽቦውን ይልጣል፥ መብራቱ ግን ሳይነግረው ይመጣል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የመብራት ኃይል ሥራ ነው፥ ተማሪን ምን አገባው?» ይላሉ። መብራት ኃይል እስከ ቆጣሪው ድረስ ቢመጣ፥ ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ማን ያየዋል? ወደ መሬት የሚያመልጠው ኃይል 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ በገበያ አለ፤ ግን መኖሩን ያልሰማ ሰው አይገዛውም። የተያዘ ሰው ሲገኝ አስቀድሞ ብሬከሩን ማውረድ፥ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ማራቅ፥ በባዶ እጅ አለመንካት፥ ትንፋሽ ከሌለው የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን እንደሚገባ ለመንገር የአንድ ቀን ሥልጠና ይበቃል። ይህንም በአማርኛ ብቻ መናገር አይበቃም። በመካከላችን አኙዋክኛና ኑዌርኛ አፋቸውን የፈቱበት ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ከእነርሱ የተሻለ መምህር ከየት እናመጣለን?

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከአሳ አጥማጆቹ አንድ አምባዛ ተገዝቶ በቤተ ሙከራችን ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ምቱን በመሣሪያ እንለካው። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ደግሞ ለጥቂት ቴስተርና ለመሬት ሽቦ የሚሆን ገንዘብ ይመድብ። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜያችንን እኛ እንሰጣለን። ከግቢው አጥር ውጭ ካሉት ምግብ ቤቶች ምጣድ መጀመር ይቻላል፤ እንጀራውን የምንበላው እኛው ነንና።