የማትበላዋ እንግዳ

አንባቢ ሆይ፤ በደጎሎ ብርድ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማኖር ቅብጠት ነው ብለህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም። ራም የምትባለው ትንሽ ዓሣ የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ስትሆን፣ አገሯ ግን በደቡብ አሜሪካ የኦሪኖኮ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣኋት የመጀመሪያዪቱ ደረቁን ምግብ ጎርሳ ስትተፋው፣ እኔ እንደ አገሬ ባልቴት «ብዪ በሞቴ» እያልሁ ጨመርሁባት፤ ትራፊው በስብሶ ውሃውን መረዘው፤ ሞተች። ለካ ውሃ ሲቀዘቅዝ የዓሣም ሆድ ይዘጋል! ለሁለተኛዪቱ አስቀድሜ ውሃውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ 28 ዲግሪ አደረስሁ። ከዚያም ከዝናብ ውሃ በርሜል የትንኝ እጭ እየጨለፍሁ ጥቂት ጥቂት ሰጠኋት፤ እጩ ሲንቀሳቀስ አይታ ተወርውራ ያዘችው። አሁን ደረቁን ከእጩ ጋራ እየቀላቀልሁ አለማምዳታለሁ፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ገንዳውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ውሃው እስኪሞቅ ምንም አላበላትም።