ነጭናጫ ልጅና እናቱ

ከአንድ ማኅፀን ከወጡ ሁለት ልጆች አንዱ ጠብቶ ሲጠግብ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ሁለተኛው ሌሊቱን ሁሉ ሲነጫነጭ ያድራል። ጎረቤትም «እናቱ ናት ያበላሸችው» ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ ብዙ ሐኪሞችም ይጋሩት ነበር።

ባልና ሚስት የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በጀመሩት ጥናት 133 ልጆችን ከሕፃንነት አንሥተው ተከታተሉ። የጠባይ ልዩነት ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደሚታይ ተረዱ። ከመቶው 40 ያህሉ ገሮች፥ 10 ያህሉ አስቸጋሪዎች፥ 15 ያህሉ ደግሞ አዲስ ነገር ቀስ ብለው የሚለምዱ ነበሩ፤ የቀሩት በአንዱም ወገን አልተመደቡም። አስቸጋሪ የተባለው ሁሉ ሲያድግ አልከፋም፤ ብዙው ነገር የወላጆቹ አያያዝ ከጠባዩ ጋር በመስማማቱ ላይ የቆመ ሆኖ ተገኘ።

እንግዳ በመጣ ጊዜ ከእናቱ ነጠላ ሥር የሚሸሸገውን ልጅ እንመልከት። «ውጣና እጅ ንሣ!» ተብሎ ቢጎተት ፍርሃቱ ይብሳል። ቢተዉት ግን እናቱ ከእንግዳው ጋር ስትጫወት አይቶ፥ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ራሱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። የሚያስቸኩለን የእኛ ይሉኝታ ነው እንጂ የልጁ ጥፋት አይደለም።

የነጭናጫው ነገር ከዚህ ይከብዳል። እርሱ ሲያለቅስ እናቲቱ ትቈጣለች፤ ስትቈጣም ልቅሶው ይብሳል። መብልና መኝታው ሰዓቱን የጠበቀ ቢሆን ይረዳዋል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያጣች እናት ትዕግሥትን ከወዴት ታመጣለች? ሲነጋ አባቱ ልጁን ተቀብሎ እርስዋን ጥቂት ያስተኛት።